በአንድ ጠዋት ሁላችንም አሥራ ሰባት ሞላን

ጥቅምት 12

«ይሄ ሰውዬ እኮ አያረጅም!»

እህት ዓለም፣ ሰላምታ ሳላስቀድም በዚህ የጀመርኩት ባለጌ ሆኜ አይደለም። ባለፈው ሰኞ ልብስ መቀየሪያው ክፍል ውስጥ ጫማዬን ለማሰር ጎንበስ ብዬ ሳለ፣ አለቃዬ ከቁም ሳጥኖቹ ማዶ ለአንዲት አዲስ ሠራተኛ ስለ እኔ ሲነግራት የሰማሁት ነው። ልጅቷ ሳቀች። እኔ ግን ነገሩን እንደ ሐሜትም እንደ ሙገሳም አልወሰድኩትም። ሰውዬው ፋይሌን ያየ ሰው ነው። የተናገረው በማኅተም የተረጋገጠ እውነት ነው።

አሁን ወደ ወጉ ልመለስ። እንደምን ከርመሻል? ዓይንሽስ? ዝናብ በመጣ ቁጥር ባልዲ የምትደቅኚለት የሳሎኑ ጣሪያስ? እኔ ጉልበቴ አልታዘዝም ከማለቱ በቀር ፈጣሪ ይመስገን ደህና ነኝ።

እዚህ በሰው አገር ሥራዬ ያው ነው። ከሆስፒታሉ ምድር ቤት ሆነን፣ ከላይ ያለው በሽተኛ ሁሉ የተኛበትን አንሶላ እናጥባለን፣ እንተኩሳለን፣ እናጥፋለን። አንሶላ ለሁለት ነው የሚታጠፈው። አንዱ ወዲያ ጫፍ፣ አንዱ ወዲህ ጫፍ ይይዝና ይራራቃሉ፣ ይቀራረባሉ፣ ደግሞ ይራራቃሉ። ሳይተዋወቁ የሚደንሱ ሰዎች እንመስላለን። እንፋሎቱ ሲበዛ ማዶ የያዘው ሰው አይታይም። በወዲያኛው ጫፍ ሰው መኖሩ የሚታወቀው ጨርቁ ሲወጠር ብቻ ነው።

ጉዳዬን ልንገርሽ። ጡረታ ቢሮ ሄጄ ነበር። ከመስታወቱ ጀርባ የተቀመጠችው ሴትዮ ትሑት ናት። ኮምፒዩተሯን አየችና «ገና ነዎት» አለችኝ።

«ስድሳ ስድስት ዓመቴ ነው» አልኳት።

ደግማ አየች። «እዚህ ላይ ሃምሳ ዘጠኝ ነዎት።»

«እሱ ለኳስ ነው» አልኳት።

ለኳስ ማለት ምን ማለት እንደሆነ ለማስረዳት ሞከርኩ፤ ከኋላዬ የተሰለፈው ሰው ግን ጉሮሮውን መጥረግ ጀመረ። በመጨረሻ፣ የልደት ዓመቱን መጀመሪያ የጻፈው መሥሪያ ቤት «ተሳስቼ ነበር» ብሎ በደብዳቤ ካረጋገጠ ይስተካከላል አለችኝ። የጻፈው የእግር ኳስ ፌዴሬሽኑ ነው። ከፌዴሬሽኑ ውስጥ ደግሞ፣ እጅሽ ይባረክና፣ አንቺ ነሽ። እስካሁን ማኅተሙ ያለበትን መሳቢያ ታውቂዋለሽ ብዬ አምናለሁ።

እስከዚያው ሠራተኛው ሁሉ፣ አንቺ የታይፕ ፈተና ያለፍሽበትን ቀን በየዓመቱ ኬክ ገዝቶ ልደቴ ነው ብሎ ያከብርልኛል። ሻማውን እፍ ባልኩ ቁጥር በልቤ እንኳን አለፍሽ እልሻለሁ።

የአጎትሽ ልጅ፣ ላባ


ኅዳር 23

ለአጎቴ ልጅ፣ ለላባ፤

የላይኛው ጌታ ጉልበትህን እንደ በር ማጠፊያ ዘይት ቀብቶ ያለስልስልህ። ጣሪያው አለ፣ ባልዲውም አለ፣ እኔም በመካከላቸው አለሁ።

«ጋሼ» ብዬ ብጀምር በወደድኩ። ነገር ግን እንደምታውቀው ደንብ አክባሪ ነኝ። በእውነተኛው ዓለም በሦስት ዓመት ትበልጠኛለህ። ልጅነቴን በሙሉ ጋሼ ስልህ፣ ስትጠራኝ አቤት ስልህ ኖሬአለሁ። ያን ጠዋት ግን በገዛ ጣቴ ከእኔ አሳንሼ ወለድኩህ። ከዚያ ወዲህ ታናሼን ጋሼ ማለት አልሆንልህ አለኝ።

ደብዳቤህ የመጣው በሥራ ተወጥሬ ሳለ ነው። ጡረተኛ ምን ሥራ አላት ብለህ አትሳቅ። ፌዴሬሽኑ የምሥረታ በዓሉን ሊያከብር ነውና የወጣት ብሔራዊ ቡድናችንን የዓለም አቀፍ ውድድር ታሪክ ጻፊ ብሎኛል። በዕውቀቴ አልተመረጥኩም። ሰነዶቹ የነበሩበትን ምድር ቤት ውሃ ሞላውና የተረፈው የእኔ ጭንቅላት ብቻ ሆኖ ነው።

ምዕራፍ አንድን ጨርሻለሁ። ቡድኑ መጀመሪያ ወደ ውጭ የወጣ ጊዜ፣ ከባቡር ባቡር ሲቀያየር ውድድሩ ባለቀ ማግስት ነው የደረሰው። አስተናጋጆቹ ደጎች ነበሩና ልጆቹን ባዶው ስታዲየም ውስጥ አስገብተው መዝሙራቸውን አሰሙላቸው። ልጆቹም ተሰልፈው ለባዶዎቹ ወንበሮች እጃቸውን አውለበለቡ፤ ፀሐይ እየጠለቀች ነበር። እኔ «ቡድናችን አንድም ሽንፈት ሳይገጥመው ተመለሰ» ብዬ ጻፍኩ። የአሁኑ ሰብሳቢያችን ሲያነበው ዓይኑ እንባ አቀረረ።

አሁን ምዕራፍ ሁለት ላይ ነኝ። አንተም ነበርክበት። ቀይ ማልያችሁ ዝናብ ሲነካው ቀለም ለቀቀ፤ ነጭ ከለበሱት ጋር ስትተሻሹ ሁላችሁም ሮዝ ሆናችሁ። ከዕረፍት በኋላ ማን የማን እንደሆነ አልታወቀም። አንተ ራስህ ሁለት ጊዜ አሳምረህ ለእነሱ አቀበልክ። ዘጠኝ ለባዶ። ይህን በምን ቃል እንደማሳምረው ገና እያሰብኩ ነው።

ምዕራፍ ሦስት ያው የእናንተው ነው። የዚያን ጊዜው ሰብሳቢ በሩን ከፍቶ «ዘንድሮ ዕድሜ ያያሉ አሉ!» ብሎ የገባበትን ጠዋት አሁንም እንደ ሕልም አየዋለሁ። ፀጉር አስተካካዩ በረንዳ ላይ ተራ በተራ ጢማችሁን ልጭት ሲያደርግ፣ እኔ መስኮቱ ሥር ሆኜ በታይፕ መኪናዬ ስወልዳችሁ አረፈድኩ። ሁላችሁም አሥራ ሰባት እንድትሞሉ በአንድ ዓመት፤ ቀኑን ግን እንዳያስነቃ በታተንኩት። ለበረኛው፣ ፊቱ የማይፈታ ሰው ስለሆነ፣ ጨፍጋጋ ወር ሰጠሁት። ለአንተ የማልረሳውን ቀን ሰጠሁህ።

ስለጠየቅኸኝ ነገር፣ አስብበታለሁ።

የአክስትህ ልጅ


ታኅሣሥ 17

ለአክስቴ ልጅ፣ በወረቀት ለታላቄ፤

ሰላም ለቤትሽ፣ ብርሃን ለዓይንሽ፤ ብዕርሽም አይድረቅ።

ማልያው ቀለም የለቀቀው መጀመሪያ በጨው ውሃ ስላልተነከረ ነው። አሁን አውቄዋለሁ። ዘጠኙ ጎል የገባብን በአንድ እፍኝ ጨው ነው፤ ይህን ብትጽፊ አልቀየምም።

እዚህ በረዶ መጣል ጀምሯል። ዛሬ ከሥራ ወጥቼ አውቶቡስ ስጠብቅ የመንገዱ ጠርዝ ጠፋ። መኪናውም እግረኛውም በግምት ይሄዳል። ያን ጊዜ ለምዕራፍ ሦስትሽ የሚሆን ነገር ትዝ አለኝ፤ አንቺ ውጤቱን ነው የሰማሽው፣ ቀኑን አላየሽውም።

ለሦስተኛ ደረጃ የተጫወትን ዕለት ነው በረዶ ያየነው። ከመካከላችን በሕይወቱ አይቶ የሚያውቅ አልነበረም። በረኛው አፉን ከፍቶ ወደ ላይ አንጋጠጠና «ማነው ትራስ የቀደደው?» አለ። ዳኛው ቀይ ኳስ አስመጣ። ኳስ አቀባዮቹ መጥረጊያ ይዘው መስመሩን እየጠረጉ ይሮጣሉ፤ ጠርገው ዞር ሲሉ መልሶ ይሸፈናል። ጥቂት ቆይቶ እነሱም ሰለቻቸውና ቆመው ማየት ጀመሩ። ድምፅ የሚባል ነገር አልነበረም። አሥር ሺህ ሰው ተቀምጦ፣ እግራችን ሥር የሚንኮሻኮሸው ብቻ ይሰማል።

ኳሷ በግራ በኩል መጣችልኝ። ሮጥኩ። መስመሩ የቱ ጋ እንደሆነ አላወቅኩም። ግራ ክንፍ እስከዚያ ድረስ የኖረው መስመር ለመስመር ነው፤ መስመሩ ሲጠፋ ግን ሜዳው ማለቂያ የለውም። እየሮጥኩ፣ አሁን ከሜዳው ወጥቼ ይሆናል፣ ከከተማውም ወጥቼ ይሆናል፣ ማንም አላስቆመኝም ስል ድንገት ግቡን አየሁትና መታሁ። ተጋጣሚዎቻችን «ወጥታለች!» ብለው ዳኛውን ከበቡት። ዳኛው ሄዶ በጫማው በረዶውን ጫር ጫር አደረገ። ከሥሩ መስመር አጣ። አጸደቀው።

ብታምኚኝም ባታምኚኝም፣ በዚያች ቅጽበት አንቺ የጻፍሽው ትክክል ነበር። አሥራ ሰባት ዓመቴ ነበር።

አሁን ግን አይደለሁም። ደረጃው ላይ ሁለት ጊዜ ማረፍ ጀምሬአለሁ። አለቃዬ ሲያየኝ የጫማዬን ማሰሪያ የማስር እመስላለሁ። በቀን ስንት ጊዜ ጫማ ይታሰራል? ደብዳቤዋን እባክሽ።

ላባ


የካቲት 29

ለአጎቴ ልጅ፤

ሰላምና ጤና እንደ ጥላ ይከተልህ። ስለቆየሁ ይቅር በለኝ፤ ዓይኔን ብዬ ማሳበብ እችል ነበር፣ ግን ዓይኔ ደህና ነው።

በረዶውን እንዳለ ገለበጥኩት። አንዲት ቃል አልጨመርኩም። ሰብሳቢው ሲያነበው «ይህ ታሪክ ነው ወይስ ሕልም?» አለ። ውጤቱ አንድ ለባዶ ነው፣ ዋንጫው እዚህ መስታወት ውስጥ አለ አልኩት።

ጣጣው እሱ ዋንጫ ነው። ከዚያ ወዲህ ያለውን ምዕራፍ ሁሉ ጽፌዋለሁ፤ አጫጭር ናቸው። በማጣሪያ ወደቀ፣ በማጣሪያ ወደቀ፣ ቪዛ ዘገየ፣ በማጣሪያ ወደቀ። ያሁኖቹ ልጆች የልደት ምስክር ወረቀታቸው ከሆስፒታል ነው፣ ዕድሜያቸው እንከን የለውም፤ ሲሸነፉም እንከን የለውም። በዚያ ሁሉ ዘመን ከውጭ ይዘን የገባነው የአንተን የሦስተኛ ደረጃ ዋንጫ ብቻ ነው። በየሳምንቱ ተማሪዎች ይመጡና አፍንጫቸውን መስታወቱ ላይ ይለጥፋሉ። ጽዳት ሠራተኛዋ ሁልጊዜ ታማርራለች።

ጥያቄህን ለሰብሳቢው አቀረብኩ። በደንብ ነው ያቀረብኩት።

«እመቤቴ» አለኝ፣ «ተሳስተን ነበር ብለን በማኅተም ከጻፍን እኮ ዋንጫውን መልሱ ይሉናል።»

«ሊሉ ይችላሉ።»

«አንድ ሰው ቁጭ እንዲል አንድ አገር ይነሣ?»

ቦርሳዬን አንሥቼ ወጣሁ።

በማግስቱ ደግሞ በረኛው መጣ። ወሬው እንዴት እንደደረሰው አላውቅም። አሁንም በውሃ መሥሪያ ቤቱ የዕቃ ግምጃ ቤት ውስጥ ነው የሚሠራው፤ አሁንም ፊቱ አይፈታም። ወንበሩ ጫፍ ላይ ቁጭ አለ።

«ላባን ካስረጀሽው እኛንም ማስረጀትሽ ነው» አለኝ። «ሁላችንንም በአንድ ቀን አይደል የወለድሽን?»

«ጡረታ ብትወጣ ምን ትሆናለህ?»

«የት ልዋል? ደግሞ ሚስቴ ያገባችው የሃምሳ ዘጠኝ ዓመት ሰው ነው። ማታ ምን ብዬ ልግባ?»

ሳልስቅ ሸኘሁት። በር ላይ ሲደርስ ዞሮ፣ «ያን ቀን ግን ሲሮጥ አይተሽው ቢሆን…» አለና ሳይጨርሰው ሄደ።

የበዓሉ ግርግር ይለፍና እናየዋለን። እስከዚያው ጉልበትህን ሙቅ ነገር ያዝበት። ታላቅ እንደሚቆጣ እንዳልቆጣህ።

የአክስትህ ልጅ


መጋቢት 21

ለእህት ዓለም፤

ሰላምታዬ ከነሙሉ ክብሩ ይድረስሽ። በረኛውንም ሳሚልኝ፤ ፊቱን ባይፈታም።

ለጊዜው ከምድር ቤት ወደ አራተኛ ፎቅ ተዛውሬአለሁ። ዕድገት ብትዪውም ያስኬዳል። መስኮት አለው። ሥራውም አይከብድም፤ በጀርባ መጋደም ነው።

ስለ አንሶላው ብዙ ነገር ያወቅኩት እዚህ ከመጣሁ ወዲህ ነው። ከታች ሆነን ስናጥፈው ጫፉ ትንሽ ቢዛነፍ ማን ያየዋል እንል ነበር። ከላይ ሲታይ ግን ሌላ የሚታይ ነገር ስለሌለ ያ ብቻ ነው የሚታየው። የቱን ማን እንዳጠፈው ከአስተጣጠፉ አውቀዋለሁ። አዲሷ ልጅ ጎበዝ ናት፤ ማዕዘን አትስትም። ከወዲያኛው ጫፍ የያዘላት ሰው ማን እንደሆነ ግን አላወቅኩትም። እኔ የነበርኩበት ቦታ ነው።

ሐኪሙ ወጣት ነው። አልጋዬ ግርጌ የተንጠለጠለውን ካርድ አየና «በእርስዎ ዕድሜ አጥንት ቶሎ ይገጥማል» አለኝ። አጥንቴ ይህን የሰማ አይመስልም። ይጠብቃል። እኔም እጠብቃለሁ።

ደብዳቤሽን ደጋግሜ አነበብኩት። የለመንኩሽን ነገር ተዪው። ከልቤ ነው፤ ኩርፊያ አይደለም። ስለ ልጆቹ አፍንጫ ያልሺው ነው የረታኝ። እኔ ያችን ዋንጫ አንድ ጊዜ ነው የያዝኳት፤ አውቶቡስ ውስጥ፣ ጭኔ ላይ፣ ተራዬ ሲደርስ። ቀዝቃዛ ነበረች፤ ውስጧ በረዶ ገብቶ ቀልጦ ነበር። ውሃውን ጠጣሁት። አሁን በጠራራ ፀሐይ መልሱ ብለው ሲወስዷት አላይም። ሰብሳቢው አላዋቂ አይደለም።

አንድ ነገር ብቻ ላኪልኝ። ተላጭተን የተነሣነው ፎቶግራፍ ካለሽ። እዚህ ላሉት ሰዎች አሥራ ሰባት ዓመት ስንሆን ምን እንመስል እንደነበር ላሳያቸው።

የአጎትሽ ልጅ


ግንቦት 30

ጋሼ፤

ጤናዎን ይስጥልኝ ልል ነበር፤ አንቱታው ግን ከአልጋህ እንዳያስነሳህ ፈራሁ። ጋሼው ይበቃል። እግርህ መሬት ይርገጥ፣ አጥንትህ ይግጠም፣ አንሶላህንም ማዕዘን የማይስት ሰው ያጥፈው።

አራተኛ ፎቅ ምን እንደሆነ ጅል ነኝ ብለህ ነው የጻፍክልኝ? ሆስፒታል ውስጥ ከታች ወደ ላይ የሚወጣ አጣቢ አንድ ዓይነት ብቻ ነው። ደብዳቤህን ይዤ ባልዲው አጠገብ ብዙ ተቀመጥኩ። ከዚያ ተነሥቼ ምዕራፍ ሦስት ውስጥ የሁላችሁንም እውነተኛ የልደት ዓመት አስገባሁ፤ በዚያ ጠዋት ሰርዤ የጻፍኩበትን ከራሴ በቀር የያዘው የለም። በኮሚቴው ስብሰባ ላይ ቆሜ ጮክ ብዬ አነበብኩት።

ሰብሳቢው «ይሄ አይታተምም» አለ።

«እንግዲያው ሌላ ጸሐፊ ፈልጉ» አልኩት። «ለምድር ቤቱም ሌላ ጭንቅላት።»

በዚያው ሳምንት ለውድድሩ ጽሕፈት ቤት በራሴ ስም ጻፍኩ። የአሥራ ስምንት ተጫዋቾች ትክክለኛ ዕድሜ ይኸውላችሁ፣ ስሕተቱ የእኛ ነው፣ ዋንጫውን ለመመለስ ዝግጁ ነን፣ በየትኛው አድራሻ እንላከው ብዬ።

ከላክሁት በኋላ ከበረኛው ጋር ልታረቅ ስሄድ ቤቱ በር ላይ አገኘሁት። ለሚስቱ ነግሯት ነበር።

«ምን አለች?»

«‹ደረጃ ስትወጣ የምታሰማውን ድምፅ የሃምሳ ዘጠኝ ዓመት ሰው አያሰማም፤ እኔ እኮ መቼ ትነግረኛለህ እያልኩ ነው› አለችኝ።»

ፊቱ ተፈቶ ነበር፤ ጋሼ፣ አያምርበትም።

አብሮኝ ፌዴሬሽኑ መጣ። ዋንጫውን ከመስታወቱ አወጣነውና እንዳይጫር ከቤቴ ባመጣሁት አንሶላ ጠቀለልነው። እሱ ወዲያ ጫፍ፣ እኔ ወዲህ ጫፍ ይዘን ተራራቅን፣ ተቀራረብን። ሁለት ጊዜ አበላሸነው። አንተ ብትኖር ትስቅብን ነበር። ከዚያ ወር ሙሉ እንደተጠቀለለ ቤቴ ጠረጴዛዬ ላይ ቆየ። ተማሪዎቹ መጥተው ባዶውን መስታወት አይተው ተመለሱ። ማታ ማታ ነጭ ሆኖ ሳየው፣ አንተ የሮጥክበት ቀን እዚህ ቤቴ ድረስ የመጣ ይመስለኝ ነበር።

ትናንት መልሱ መጣ። ሰብሳቢው ካነበበው በኋላ ያንተን ደብዳቤ ያለ አንዳች ክርክር ፈረመው፤ ማኅተሙን ራሴ መታሁበት። ከፎቶግራፉ ጋር አያይዤ ልኬልሃለሁ። በረኛው ከኋላ ረድፍ ነው፤ አንተ ጉንጭህ ላይ ምላጭ የነካህ ነህ። ደብዳቤውን ለጡረታ ቢሮዋ ሴትዮ አሳያት።

ዋንጫውም ወደ ቦታው ተመልሷል። የጽሕፈት ቤቱ መልስ አጭር ናት፤ እንዳለች ልገልብጥልህ። «ላሳያችሁት ቅንነት እናመሰግናለን። ዋንጫው የእናንተ ነው። የተጫዋቾች የዕድሜ ገደብ የወጣው ከዚያ ቀጥሎ ከነበረው ውድድር ጀምሮ ነው፤ በዚያ ዓመት ገደብ አልነበረም።»